9ኛ ክፍል የት ላስገባ? የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች የግልና የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያማርጡ

ልጁ ሚኒስትሪ አልፏል። አሁን ቤት ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የግል ወይስ የመንግሥት? አዳሪ ትምህርት ቤትን እዚህ አላነሳውም። በመግቢያ ፈተና ጥቂቶችን ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የማወራው ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ስለሚገባ ተማሪ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ጥሩ የግል ትምህርት ቤት ከሚያስከፍላችሁ ገንዘብ ዋናው የክትትል ዋጋ ነው። ትምህርቱማ ያው ነው። መጽሐፉ አንድ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ አንድ፣ የማስተማሪያ ቋንቋውም በሁለቱም ቤት እንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ቢሆን ከ2014 ተፈታኞች ወዲህ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቷል። በዚያ ዓመት በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ሆነ። ይህ ቁጥር የግሉንም የመንግሥቱንም ተማሪ ይጨምራል። ስለዚህ «የግል ካስገባሁት አለቀለት» ብሎ መተኛት አይቻልም።

ገንዘቡ

የመንግሥት ትምህርት ቤት የወር ክፍያ የለውም። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ አልፎ አልፎ የወላጅ መዋጮ ይኖራል። የግሉን ግን በወር ክፍያው ብቻ አትለኩት። መመዝገቢያውን፣ የ10 ወር ክፍያውን፣ ዩኒፎርሙን፣ መጽሐፉን፣ ሰርቪሱን፣ ቲቶሪያሉን ደምሩና የዓመቱን ወጪ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ በአራት አባዙት፤ ሁለተኛ ደረጃ እስከ 12ኛ አራት ዓመት ነው። ያለፉት ሁለት ዓመታት ክፍያ ስንት እንደነበረም ጠይቁ። ጭማሪው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዘንድሮን ብቻ አይተው ገብተው 11ኛ ላይ አቅም የሚያጥራቸው ቤተሰቦች ያሳዝኑኛል። ልጁ ጓደኞቹን ትቶ የሚወጣው በጣም በማይመች ሰዓት ነው።

መምህሩ

እኔ ብሆን ከሁሉም በላይ የማየው ይህንን ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሕንፃውንና የተማሪውን ክራቫት ነው።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው መምህር ቋሚ ቅጥር ነው። ብዙ ጊዜ ዓመታት የቆየ፣ ትምህርቱን ደጋግሞ ያስተማረ ሰው ታገኛላችሁ። ችግሩ የተማሪው ብዛት ነው። የአገሪቱ መስፈርት በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል፤ በተግባር ግን ክፍሎች ከዚያ በላይ ይሞላሉ። መምህሩ ጎበዝ ቢሆንም የሁሉንም ደብተር ማየት አይችልም። ኋላ የተቀመጠ ዝምተኛ ልጅ ሳይጠየቅ ሴሚስተሩ ሊያልፍ ይችላል።

የግሉ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው። የቤት ሥራ ይታያል፣ የቀረ ልጅ ቤት ይደወልለታል። ግን መምህሩ ይቆያል ወይ? በግል ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት ውስጥ በፓርት ታይም የሚመጡ የመንግሥት መምህራን አሉ፤ አዲስ ተመርቀው የተሻለ ሥራ እስኪያገኙ የሚያስተምሩም አሉ። በየካቲት የፊዚክስ መምህር ከለቀቀና ምትኩ በሚያዝያ ከተገኘ፣ የከፈላችሁት ገንዘብ ያን ክፍተት አይሞላውም። ስለዚህ ዳይሬክተሩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «አምና 11ኛ ክፍል ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት መምህራን ዘንድሮ አሉ?» መልሱ ከተንተባተበ ጥንቃቄ አድርጉ።

ሌላም አለ። ከ11ኛ ጀምሮ ተማሪው ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። ተማሪው ጥቂት የሆነ የግል ትምህርት ቤት ሁለቱንም ላይከፍት ይችላል፤ እስከ 10ኛ ብቻ የሚያስተምርም ይኖራል። ልጃችሁ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ወዶ «እኛ ጋ ተፈጥሮ ብቻ ነው» ቢባል ምን ልታደርጉ ነው?

«ሁሉም አለፉ» ሲባል

ትምህርት ቤቶች በር ላይ ባነር ይሰቅላሉ። መቶ በመቶ አሳለፍን ይላሉ። ስንት ተፈተኑ ብላችሁ ጠይቁ። 12 ተፈትነው 12 ማለፍና 300 ተፈትነው 60 ማለፍ አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ደግሞ እነዚያ 12ቱ 9ኛ ሲገቡ ስንት ነበሩ? ደካማውን ቀስ በቀስ አሰናብቶ ጎበዙን ብቻ የሚያስፈትን ትምህርት ቤት ልጁን አስተማረ አይባልም። እኔ የማምነው መካከለኛ ውጤት ይዞ የገባን ልጅ ከፍ ያደረገ ትምህርት ቤት ነው።

በዚህ በኩል የመንግሥቶቹን አቅልላችሁ አትዩ። ደሴ ውስጥ ሆጤና መምህር አካለወልድ የሚባሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው ወይዘሮ ስሂንም በዘመኑ ስንቱን ምሁር ያወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። የወሎ ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተነስቶ ትልቅ ቦታ መድረሱ አዲስ አይደለም።

ቤተ ሙከራና መጽሐፍ

በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ዕቃቸውም ወድሟል። የተተካ አለ፣ ያልተተካም አለ። ስለዚህ የግልም ይሁን የመንግሥት፣ «ላብራቶሪ አለን» ሲባል በሩን አስከፍታችሁ እዩ። አቧራ የጠጣ ማይክሮስኮፕ ካያችሁ ልጆቹ አይገቡበትም ማለት ነው። መጽሐፍ ደግሞ ለተማሪው በእጁ ይሰጠዋል ወይስ በቴሌግራም የተላከ ፒዲኤፍ ነው? በስልክ የሚያነብ ልጅ ቲክቶክ አጠገቡ ነው።

መንገዱ፣ ሰዓቱ

ኮምቦልቻ ሆናችሁ ደሴ ያለ ትምህርት ቤት የምታስቡ አላችሁ። እኔ አልመክርም። ርቀቱ ከ20 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥም የሐረጎ መንገድ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል። ልጁ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስቶ ወደ ደሴ ብርድ ይወጣል፣ ማታ ደክሞ ይገባል። ያ ሰዓት የጥናት ሰዓቱ ነበር። ቅርብ ያለ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሩቅ ካለ ጥሩ ትምህርት ቤት ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ለተመላላሽ።

የግሉ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቀን ያስተምራል፤ የመንግሥቱ ፈረቃ ሊሆን ይችላል። ሁለታችሁም ፋብሪካ ወይም ሱቅ የምትውሉ ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ግማሽ ቀን ባዶ ቤት የሚውል የ15 ዓመት ልጅ ያሳስባል። የዓርብ ጁምዓ ሰዓት እንዴት እንደተመቻቸ፣ በረመዳንና በጾም ወቅት ፈተና እንዴት እንደሚደረግም ጠይቁ። ወሎ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ያውቅበታል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ቤት ውስጥ ማታ ደብተር የሚያይ ሰው ካለ፣ ልጁም ራሱን ችሎ የሚያነብ ከሆነ፣ የመንግሥቱን ምረጡ። የሚተርፈውን ገንዘብ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ቲቶሪያል አውሉት። ልጁ ካልተገፋ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ እናንተም ማታ ደክማችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ የአራቱን ዓመት ወጪ የምትችሉ ከሆነ የግሉ ይጠቅማችኋል። አቅሙ እየጨነቃችሁ ለስም ብላችሁ ግን አትግቡ።

የግሉን ከመረጣችሁ የዕውቅና ፈቃዱ እስከ 12ኛ ክፍል መሆኑንና መታደሱን ከከተማችሁ ትምህርት መምሪያ አረጋግጡ። ትምህርት በሚሰጥበት ቀን ከሰዓት ሂዱ፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ መምህር ክፍል ውስጥ መኖሩን እዩ። ሐሳብ ከቀየራችሁም 11ኛ ከመጀመሩ በፊት ቀይሩ፤ ያልከፈላችሁት ክፍያ ካለ አጠናቅቁ፣ ትራንስክሪፕቱንና መሸኛውን በሰኔ ጨርሳችሁ ያዙ። 12ኛ ላይ ትምህርት ቤት መቀየር ግን ልጁን ይጎዳል።