ሱሉልታ ያለው የተሳቢ ፍሬን ሰሪ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ድንኳንና ወንበር ነው የማከራየው፣ ሀይሉክስ የምትጎትታት ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ አለችኝ። ፍሬኗ እንደ ትልልቆቹ የጭነት ተሳቢዎች በንፋስ ሳይሆን በኤሌትሪክ ነው የሚሰራው፣ እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ማግኔት አለ፣ ጋቢና ውስጥ ያለው ኮንትሮለር ከረንት ሲልክለት ከጎማው ጋር የሚዞረው ታንቡር (የፍሬን ከበሮ) ላይ ይጣበቅና ክንዷን ስቦ የፍሬን ሸራውን ይከፍታል። እዚህ አገር ብዙ ስለማይታይ መካኒክ ሁሉ ሲያያት መጀመሪያ "ይሄ ደሞ ምንድነው" ነው የሚለው።

ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ በሆንኩበት ሰዓት ፍሬኗ ደከመ። ከሱሉልታ ተነስቼ የእንጦጦን አናት አልፌ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስወርድ ከኋላ ትገፋኛለች፣ የሚይዘው መኪናው ብቻ ነው፣ ታች ስደርስ የሀይሉክሱ ፍሬን ሽታው ሌላ ነው። የሚገርመው አንዳንዴ ጉድጓድ ስመታ በድንገት ነጠቅ አድርጋ ትይዝና መልሳ ትለቃለች።

ከተማ ውስጥ ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት፣ ስም አልጠራም። አንዱ አምፖል ያለው ቴስተር ነካ አድርጎ "በርቷል፣ ከረንት አለው" ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛው ጎማው ጋ ጆሮውን ደግኖ ጢቅ ሲል ሰማና ማግኔቱ ደህና ነው፣ የሞተው ኮንትሮለሩ ነው ብሎ አዲስ አስገዛኝ። ተገጠመ፣ ወፍ የለም።

ከዛ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ እዚሁ ሰፈሬ ሱሉልታ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ኤሌትሪክ ሰሪ ጠቆመኝ። ታፔላ እንኳን የላቸውም። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ተሳቢዋን ከመኪናው መፍታት ነው፣ ስፒናዋ (መኪናው ላይ የሚሰካው የሽቦዋ ጫፍ) ላይ ሙሉ ባትሪ በቀጥታ አገናኙና ሰማያዊው የፍሬን ሽቦ ላይ አምፔር መለኪያቸውን አቀፉበት። "ልጄ፣ አንዱ ማግኔት ወደ 3 አምፔር ይበላል፣ አራት አሉህ፣ 12 አካባቢ ማየት አለብን" አሉኝ። መለኪያው 4 አለ። "ይሄ ፍሬን አይደለም፣ ጌጥ ነው።"

የባትሪውን ኔጌቲቭ ጫፍ ከስፒናው ነቅለው ሻንሲው ላይ ሲያስነኩት 9 ገደማ ሆነ። ማለት ማሳው (ከረንቱ ወደ ባትሪ የሚመለስበት የኔጌቲቭ መስመር) ነው የበሰበሰው፣ ነጩ ሽቦ የታሰረበት ቡሎን ዝጎ፣ ከመኪናው ጋር ስትያያዝ ከረንቱ የሚመለሰው በመጎተቻዋ ኳስ በኩል ነበር፣ እሷ ደግሞ ግራሶ ተቀብታ! ለካ ጉድጓድ ስመታ የሚይዘው ኳሷ ስትነካካ ነው። አምፖሉም የሚበራው ለዚህ ነው አሉኝ፣ ትንሽ አምፖል ለመብራት ብዙ ከረንት አይፈልግም፣ አራት ማግኔት ሲጫንበት ነው ሽቦው እውነቱን የሚያወጣው። ጢቅ ማለቱም ያው፣ በደካማ ከረንትም ጢቅ ይላል።

9 ማለት ደግሞ ሶስት ማግኔት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ተፈለገ፣ የኋላ ግራው ጋ ሽቦው ከአክስሉ ሲወጣ ተፋፍቆ ተበጥሷል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን መስመርም አወለቁት፣ ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ በቀጭን፣ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የቤት ሽቦ ነበር የዘረጋው፣ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል ብለው በባለ 6 ለወጡት፣ መጋጠሚያውንም ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ሳይሆን በይደው ሸፈኑት። ሲለካ 11.6።

ሁሉም ታንቡር ተከፈተ፣ አንዱ ጎማ ጋ ግራሶውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት አፍስሶ የፍሬን ሸራው ግራሶ ጠጥቷል። በቤንዚን ይታጠብ ስል ሳቁብኝ፣ አንዴ ከጠጣ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል ተባልኩ፣ ሸራው ተለወጠ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው ጥርስ ያላትን ማስተካከያ ጎማው እስኪቆም አጠበቁና ትንሽ እስኪፋተግ ድረስ መለሷት። የኔ አይነቱ ራሱን አያስተካክልም፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ መታየት አለበት።

በማግስቱ ሜዳ ላይ በ40 እየሄድኩ የኮንትሮለሩን መያዣ ብቻ ስጨምቀው ተሳቢዋ መኪናውን ወደ ኋላ ጎተተችው። በደስታ ጮህኩ።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት፣ አንድ ቀን ያሉኝ ስራ ሶስት ቀን ፈጀ፣ ስልክ አያነሱም፣ ደረሰኝ የለም፣ ግቢው ደግሞ ዝናብ ከዘነበ ቦት ጫማ ይፈልጋል። ሽቦውን፣ ሸራውንና ጉልበቱን ጨምሮ የከፈልኩት ለማያስፈልገው ኮንትሮለር ካወጣሁት ያንሳል። አሮጌው ተመልሶ ተገጥሟል፣ አዲሱ ካርቶኑ ውስጥ ቁጭ ብሏል፣ የሚፈልግ ካለ በቅናሽ እሸጣለሁ።