በእጅ የተሠራ የቲዩብ ፎኖ ፕሪአምፕ ከወራት በኋላ፦ ሃሙ ከየት ነበር የሚመጣው?

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ሣጥን ቤቴ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። መጀመሪያ ቤት ሲገባ ግን ሃም ያደርግ ነበር። ያ «እምምም» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ከዘፈኑ ሥር አይጠፋም። አሁን ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማኝም። ከዚያ እዚህ እንዴት እንደደረሰ በዝርዝር የምጽፈው እንዲህ ያለ ዕቃ ሠርቶ ወይም አሠርቶ፣ ሃሙ አላስቀምጥ ብሎት ሣጥኑን ቁምሳጥን ላይ የሰቀለ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

ፎኖ ፕሪአምፕ ሸክላ ማጫወቻውና አምፕሊፋየሩ መሃል የሚገባ ዕቃ ነው። የኔን የሠሩልኝ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና ያሳለፉ ሰው ናቸው። እዚህ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ለእያንዳንዱ ቻናል (ለግራውና ለቀኙ) ኢሲሲ83 የሚባል አንድ ቲዩብ፣ ማለትም አምፖል የሚመስል የብርጭቆ ማጉያ፣ መውጫው ላይ ደግሞ ሁለቱ ቻናሎች የሚጋሩት ኢሲሲ82 የሚባል አንድ ቲዩብ አለው። ሣጥኑ ከላሜራ ታጥፎ ቀለም የተቀባ ነው። ትራንስፎርመሩም እዚያው ውስጥ ነው። የጋሼን ብየዳ ያየ ሰው ይደነቃል። የብየዳው ሊድ ያብረቀርቃል፣ ሽቦዎቹ በሥርዓት ታስረዋል።

ስለ ድምፁ ብዙ አላወራም፤ ጥሩ ነው። የቆዩ የአገራችን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች አሉኝ። አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሠረተ በኋላ የወጡትም አሉበት። ሳክስፎኑና ትሮምቦኑ ተለያይተው ይሰማሉ። የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል። ከዚህ በፊት የነበረኝ ርካሽ የቺፕ ፕሪአምፕ ሁሉንም አንድ ላይ ያጭቀው ነበር።

ወደ ሃሙ ልመለስ። ፎኖ ፕሪአምፕ ከሌላው አምፕሊፋየር ሁሉ ለሃም የሚጋለጥበት ምክንያት አለው። ከመርፌው የሚመጣው ሲግናል አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። እሱን መቶ እጥፍ ያህል ማሳደግ ያስፈልጋል። ይህ ሳያንስ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ተቀንሶ ስለሚቀረጽ፣ ሲጫወት ተመልሶ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ መለኪያ የሆነው የአርአይኤኤ ማስተካከያ 50 ሄርዝን ከ1000 ሄርዝ በ17 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርገዋል። ሰባት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የኛ አገር መብራት ደግሞ ልክ 50 ሄርዝ ነው። ስለዚህ መግቢያው ላይ 5 ማይክሮቮልት ሃም ቢገባ፣ መውጫው ላይ 3.5 ሚሊቮልት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሌላ ዕቃ ላይ ማንም የማያስተውለው ጥቃቅን ነገር እዚህ ጎልቶ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው «ልጄ፣ ኧርዝ ስጠው ይጠፋል» አሉኝ። ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ኧርዝ ማለት ጩኸት የሚደፋበት ጉድጓድ አይደለም። ሽቦ ነው፤ በውስጡ ከረንት የሚሄድበት ሽቦ። ጥያቄው የማን ከረንት በየትኛው ሽቦ ይመለሳል የሚለው ነው። በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውኃ የምትጋሩ ጎረቤታሞች ብትሆኑ፣ ጎረቤታችሁ ሲከፍት የናንተ ይቀንሳል። ሲግናሉና የፓወር ሰፕላዩ ከረንት አንድ ሽቦ ሲጋሩም የሚሆነው ይኸው ነው። በቁጥር እንየው። የጋራው ሽቦ 0.01 ኦም ብቻ ቢሆንና 100 ሚሊአምፔር ቢያልፍበት 1 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ከመርፌው የሚመጣው ግን ቢበዛ 5 ሚሊቮልት ነው።

ካቻቢቴ ከማንሳት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። ለስለስ ያለ «እምምም» ከሆነ 50 ሄርዝ ነው። ምንጩ የትራንስፎርመር መግነጢስ፣ የቲዩቡ ማሞቂያ ወይም በዕቃዎች መሃል የተፈጠረ የኧርዝ ዙሪት (ዕቃዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ የኧርዝ መንገድ ሲገናኙ ከረንት የሚዞርበት ቀለበት) ሊሆን ይችላል። ሻከር ያለ «ዝዝዝ» ከሆነ 100 ሄርዝና ከሱ በላይ ያሉት ናቸው። እሱ የሚመጣው ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ክፍል፣ ከሬክቲፋየሩ ነው። የኔ ሣጥን ሁለቱንም ነበረው።

ሁለተኛው ፈተና ማጫወቻውን ነቅሎ የፕሪአምፑን መግቢያ ሾርት ማድረግ ነው። የአርሲኤ ጃክ (የድምፅ ገመድ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ወስዳችሁ መሃሉን ከዳሩ ጋር በሽቦ በይዱትና መግቢያው ላይ ሰኩት። ሃሙ ጭር ካለ ችግሩ ውጭ ነው፤ ማጫወቻው፣ ገመዱ ወይም የሣጥኑ አቀማመጥ ነው። ካልጠፋ ግን ሌላ ነገር ሞክሩ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አጥፉ፣ ስፒናውን ግን አትንቀሉ። ቲዩቦቹ ሙቅ ስለሆኑ፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም ስለሞሉ ፕሪአምፑ ለጥቂት ሰከንድ መሥራቱን ይቀጥላል። ሃሙ በዚያው ቅጽበት ቀጥ ካለ ከራሱ ከሣጥኑ ፓወር ነው። ከቀጠለ ከሌላ ዕቃ እየመጣ ነው። ይህች ፈተና አንድ ሳንቲም አታስወጣም፤ ስንት ቲዩብ በከንቱ ከመቀየር ታድናለች።

የኔው ቀጥ አለ። ስለዚህ ሣጥኑ ተከፈተ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ። ውስጡ 280 ቮልት አለ፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። በቴስተር ለክታችሁ ወደ ዜሮ መውረዱን ሳታዩ ጣታችሁን አታስገቡ። ካፓሲተሩን የሚያራግፍ ሬዚስተር ከሌለው መጀመሪያ እሱን አስበይዱ።

ያገኘሁት እንዲህ ነበር። የሬክቲፋየሩ ማይነስ በትራንስፎርመሩ ቡሎን ሥር ላሜራው ላይ ታስሯል። የመጀመሪያው ካፓሲተር ማይነስ ደግሞ በሌላው ጫፍ፣ መግቢያው አጠገብ ላሜራው ላይ ታስሯል። ሬክቲፋየር ካፓሲተሩን የሚሞላው ያለማቋረጥ አይደለም፤ በሰከንድ 100 ጊዜ በአጭርና በኃይለኛ ምት ነው። ያ ምት በሙሉ ሣጥኑን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ይመለሳል ማለት ነው። የሲግናሉ ግራውንድም (መመለሻ መንገዱ) ያው ላሜራ ነው። ዳዶውን ፈትቼ ሮንዴላውን ሳነሳ ደግሞ ሥሩ ቀለም ነበር። ብረት ከብረት የሚነካው ቡሎኑ ጥርስ ላይ ብቻ ነበር።

ጋሼን ጠራኋቸው። «ጋሼ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይዩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ድሮ ሬዲዮ ስንሠራ ሻሲውን፣ የሣጥኑን ብረት ማለቴ ነው፣ ነበር ግራውንድ የምናደርገው፤ ለሬዲዮ ችግር የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሬዲዮ ውስጥ የዚህን ያህል ትንሽ ሲግናል በዚህን ያህል ቤዝ አይነሳም። አብረን አስተካከልነው። የሬክቲፋየሩ ማይነስ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ካፓሲተር ማይነስ ሄደ። ከካፓሲተሩ እግር አንድ ሽቦ ብቻ ወጥቶ ሁሉም ግራውንድ ወደሚገናኝበት አንድ ነጥብ ደረሰ። የአርሲኤ መግቢያዎቹን በፕላስቲክ ሮንዴላ ከላሜራው ለየናቸው። የሲግናሉ ግራውንድ ሣጥኑን የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ፣ መግቢያው አጠገብ ሆነ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን አነሳነው። መልሰን ስናበራው «ዝዝዝ» የሚለው አልነበረም።

«እምምም» ግን ነበር፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ይህኛው ከማሞቂያው ነበር። የቲዩቦቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ኤሲ ነው፤ ከምንም ጋር ሳይታሰር ተንሳፍፎ ተትቷል። ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ወስደን ከሁለቱ የማሞቂያ ሽቦዎች ወደ አንድ መገናኛ በየድናቸው። መገናኛውን ግራውንድ ከማድረግ ይልቅ ከከፍተኛው ቮልቴጅ በሬዚስተር ከፋፍለን ወደ 40 ቮልት ዲሲ ሰጠነው። ማሞቂያው ከካቶዱ (ከሚያሞቀው የቲዩቡ ክፍል) በላይ ፖዘቲቭ ሲሆን ከማሞቂያው ወደ ካቶድ የሚያመልጠው ከረንት ይቆማል። ኢሲሲ83 ይህን ቮልቴጅ ያለ ችግር ይችላል። ሽቦዎቹንም አጥብቀን ገምደን ወደ ሣጥኑ ጥግ አስጠጋናቸው። ከሁሉም ሥራ በጣም ያስደሰተኝ ይህ ነው። ወጪው የጥቂት ሬዚስተር ነው፤ ለውጡ ግን ማንም ሰው የሚሰማው ነው።

አሁን ወደ ቤቱ መብራት። እዚህ ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ዲቫይደሩ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ የኧርዝ ሽቦ የሌለው ብዙ ነው። ኧርዝ በሌለው ቤት ቲቪው ወይም ዲቪዲው ሲነካ ጣት ይነዝራል። በቴስተር ብትለኩት 100 ቮልት አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ፓወር ሰፕላያቸው ውስጥ ያሉት ትንንሽ የማጣሪያ ካፓሲተሮች ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። ከረንቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በአርሲኤ ገመድ ሽፋን አድርጎ ወደ ፕሪአምፑ ሲገባ ይሰማል። ኤሌክትሪሽያን አስመጥቼ ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀበርኩ፤ አምፑን፣ ፕሪአምፑንና ቲቪውን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካሁ። ዘንጉ የሚቀበረው ለነፍስ ነው። ትራንስፎርመሩ አንድ ቀን ላሜራውን ቢነካ ሰው እንዳይሞት ነው። ሃሙን የቀነሰው ግን ዕቃዎቹ ሁሉ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው ነው። አንዳንዱ ሃም ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የኧርዝ እግር ይቆርጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዙሪቱን መስበር ካስፈለገ መንገዱ ሌላ ነው። ላሜራው ከኧርዝ ጋር ጥብቅ ብሎ ይታሰር። በሲግናሉ ግራውንድና በላሜራው መሃል ደግሞ ባለ 10 ኦም ሬዚስተር፣ ከሱ ጎን ለጎን ፕላስና ማይነሱ ተያይዞ ባለ 35 አምፔር ብሪጅ ሬክቲፋየር ይግባ። የኔም አሁን እንደዚያ ነው።

በወራቱ ያየሁትን ልጨምር። ክረምት ላይ ከጣና የሚመጣው እርጥበት ማገናኛዎቹን ያጠቁራቸዋል። ሐምሌ ላይ የግራው ቻናል በድንገት ሃም ጀመረ። ከማጫወቻው የሚመጣው ቀጭኑ የግራውንድ ሽቦ ጫፍ ወይቦ ነበር። በአልኮል አጽድቼ ዳዶውን ሳጠብቀው ተመለሰ። ይህ ሽቦ ከላላ የትኛውም ፕሪአምፕ ይጮኻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ማታ ማታ መብራቱ ወደ 190 ቮልት ይወርዳል። ያኔ ማሞቂያው 5.4 ቮልት አካባቢ ብቻ ያገኛል፤ ድምፁም ይደክማል። ስታቢላይዘር ይረዳል፤ ግን ውስጡ ትልቅ ትራንስፎርመር አለ። ማጫወቻው አጠገብ ካስቀመጣችሁት ካርትሪጁ (መርፌውን የያዘው ክፍል) መግነጢሱን ይለቅመዋል። የኔው ክፍሉ ማዶ ወለል ላይ ነው። ለፕሪአምፑም እንደዚሁ ነው። ማጫወቻውን አብርታችሁ ሸክላ ሳታስቀምጡ ክንዱን ቀስ አድርጋችሁ ወደ መሃል ውሰዱት። ክንዱ ወደ አንድ ጎን ሲጠጋ ሃሙ እየጨመረ ከሄደ፣ በዚያ ጎን ያለውን ዕቃ አርቁት። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማብሪያውን አጠፋለሁ፤ ሲመለስ ያለው ምት ለማንም ዕቃ አይሆንም።

ከቲዩቦቹ አንዱ ከጊዜ በኋላ በእርሳስ ጫፍ ሲነኩት «ቲንግ» ይል ጀመር። ቀየርኩት። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ጸጥታውን መፈተን የሚፈልግ በገና አያስቀምጥ። የበገናው ጅማት እንዚራው (ከጅማቱ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ላይ እየተንቀጠቀጠ ራሱ ስለሚነዝር፣ ትንሽ ሃም ከሥሩ ይደበቃል። ክራር ብቻውን የሚሰማበት ሸክላ ይሻላል። በሁለት ምት መሃል ያለው ባዶ ቦታ ሁሉንም ያጋልጣል።

ለማን ይሆናል? ቴስተር መያዝ ለሚችል፣ ወይም እንደ ጋሼ ያለ ሰው ቅርቡ ላለው ይሆናል። ሰክቶ ብቻ መስማት ለሚፈልግ ግን አልመክርም። የቀረው ነገር አለ። ድምፁን ከሦስት ሩብ በላይ ስከፍተው በግራ በኩል በጣም ቀጭን «እምምም» አሁንም አለ። የግራው ኢሲሲ83 ለትራንስፎርመሩ በጣም ቅርብ ነው። ትራንስፎርመሩን ለብቻው ሌላ ሣጥን ውስጥ አውጥተን በአንድ ሜትር ገመድ ልናገናኘው ከጋሼ ጋር ተነጋግረናል። ላሜራው ታጥፏል፤ የምንጠብቀው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን 280 ቮልት የሚችል ሶኬት ነው።