ሻወር ቤት ለምታሳድሱ፣ ሳቢያን ያለው የሳኒተሪ ሱቅ

ሻወር ቤት ሲታደስ ዕቃውን ማን ይግዛ የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዱ ኮንትራክተር እኔው ላምጣው ይልና ደረሰኝ አያሳይም። እኔ ሴራሚኩን፣ ሲንኩንና ሚክሰሩን (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለውን ቧንቧ) ራሴ ገዛሁ፣ የፒፒአር (የፕላስቲክ) የውሃ ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን ደሞ ቧንቧ ሰራተኛው ራሱ ከዛው ሱቅ መረጠ፣ ምክንያቱም ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነገር ቢያፈስ ተጠያቂው እሱ መሆን አለበት። ሱቁ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ሻጩ ልጅ የድሬ ውሃ ካልሲየም እንዳለው ስለሚያውቅ ቀላሉን ሚክሰር ወደ ጎን አድርጎ ከባዱን የነሐሱን አወጣልኝ፣ ሁለቱንም በእጄ አስመዘነኝ፣ የሻወሩንም ራስ ፈቶ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ እንዴት እንደሚጸዳ አሳየኝ (ነጩ ነገር ቀዳዳውን እንዴት እንደሚደፍነው እዚህ የኖረ ያውቀዋል)። ለወለል ደሞ የሚያንሸራትተውን ተይው ብሎ ሻካራውን ነው የሰጠኝ፣ እማዬ አብራኝ ስለምትኖር በዚህ በጣም ነው ያመሰገንኩት። ሴራሚክ ስትገዙ ለስብራትና ለቆረጣ 10 በመቶ ያህል ጨምሩ፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የቀለም ቁጥርም አንድ መሆኑን እዩ፣ በኋላ የሚመጣው መልኩ ሊለይ ይችላል። ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ማድረሻም ለብቻው ነው፣ ግን ያልተከፈተ ካርቶን መልሶ ይወስዳል፣ ደረሰኝም ሳትጠይቁት ይቆርጥላችኋል።