«ይህን ቤት አትግዙ» ላለችን ኤጀንት

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ፣ አሜሪካ) ውስጥ የቤታችንን ቁልፍ ከተረከብን ሦስት ሳምንት ሆነን። ዕቃው ገና ከካርቶን አልወጣም። ምስጋናው ግን አይደር።

በ2022 አንዴ ሞክረን ነበር። የዚያን ጊዜው ኤጀንት (የቤት ደላላ) «ኢንስፔክሽን (የቤት ፍተሻ) ካልተዋችሁ ዞር ብሎ የሚያያችሁ የለም» እያለ አጣደፈን። ገበያውም እውነትም አብዶ ነበር። ፈርተን ግዢውን ተውነው። ከዚያ የቤት ብድር (ሞርጌጅ) ወለድ ሽቅብ ወጣ። በ2021 መጀመሪያ ከ3 በመቶ በታች የነበረው የ30 ዓመት ሞርጌጅ በኦክቶበር 2023 ወደ 8 ተጠጋ። በ3 በመቶ ብድር የያዘ ሰው ታዲያ ቤቱን ለምን ይሸጣል? ወለዱም ተወደደ፣ ቤትም ጠፋ።

ዘንድሮ አንድ ወዳጃችን ወደዚች ኤጀንት እህታችንና ወደ ቲሟ ላከን። «በሜሪላንድ ቁጥር አንድ» የሚል ማስታወቂያ የላቸውም። (ያ ማዕረግ አብዛኛውን ጊዜ በሽያጭ ብዛት ነው የሚሰጠው፤ ለገዢ ምን እንደሚፈይድ እኔ አይገባኝም።) ከኦገስት 2024 ወዲህ ኤጀንት ቤት ከማስጎብኘቱ በፊት ከገዢው ጋር በጽሑፍ መዋዋል አለበት። ክፍያዋንም፣ ውሉ የሚያበቃበትንም ቀን መስመር በመስመር በአማርኛ አስረዳችን።

«ብርዱ አልፎ ስፕሪንግ እስኪገባ አትጠብቁ» አለችን። ልጅ ያለው ሁሉ ትምህርት ሳይከፈት ለመግባት ያን ጊዜ ይሻማል። በብርዱ የሚወጣው ቤት ጥቂት ነው፤ ተሻሚውም እንደዚያው።

ኖቬምበር ላይ ባለቤቴ አንድ ቤት አይታ ልቧ እዚያው ቀረ። ቡና የምታፈላበትን ጥግ ሳይቀር መርጣለች። ኤጀንታችን ቤዝመንት (ምድር ቤት) ወረደች። ግድግዳው ሥር ያለውን አዲስ ቀለም ነካ ነካ አደረገች፣ አሸተተች። «ውሃ ያስገባል፤ ይህን ቤት አትግዙ።» ብንገዛ እኮ ኮሚሽኗን ትወስድ ነበር! ባለቤቴ አኮረፈቻት። በሳምንቱ ከባድ ዝናብ ዘነበ። በዚያ ሳልፍ ከቤዝመንቱ መስኮት ቱቦ ወጥቶ ውሃ ይተፋል።

አሁን ያለንበትን በኢንስፔክሽን ገዛን። ለዳውን ፔይመንት (ለቅድመ ክፍያው) የጎደለንን ስቴቱ ቤት ገዢዎችን በሚያግዝበት በሜሪላንድ ሞርጌጅ ፕሮግራም ሞላን። ከክሎዚንግ (ከግዢው መዝጊያ ፊርማ) በኋላ እንኳ ደውላ «የሆምስቴድ ክሬዲት (የቤት ታክስ ቅናሽ) ማመልከቻ ሞላችሁ?» አለችን። ካላመለከቱ አይሰጥም። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለታክስ የሚታሰበው የቤት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዘል ይይዛል።

ወረቀት የሚጨርሰው የቲሙ ልጅ ኢሜይል ላይ ዝግ ይላል፤ እሱን መደወል ነው።

ቁጥሯን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ባለቤቴም ታርቃታለች፤ ቅዳሜ ቡና ጠርታታለች።