«ልጅ እንድታገኙ» ተብሎ የሚሸጠውን የ90 ቀን ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይም ልጅ በመጠበቅ ላይ ያላችሁ ባለትዳሮች ሆይ፤ ይህን የምጽፈው እኔና ባለቤቴ በ46,000 ብር የገዛነውን የእንክብል ጥቅል ሌላ ሰው እንዳይገዛው ነው። ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ስላመለከትን የሻጮቹን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ አሠራራቸውን ግን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

በሠርጋችን ዕለት ሽማግሌዎች «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ፤ ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መርቀውን ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት አልፏል፤ እኔም 36 ዓመት ሞልቶኛል። አራስ ልጠይቅ በሄድኩበት ቤት ሁሉ ገንፎው ሲቀርብ አማቴ ቀና ብለው ያዩኛል፤ በአፋቸው አንድም ቀን ምንም ብለውኝ አያውቁም፣ እኔ ግን ዓይናቸውን መቋቋም አቅቶኝ ነበር። በቴሌግራም የደረሰኝን ማስታወቂያ ያመንኩት በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ቢሮው ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ የተያያዘ ብረት አስጨበጠችኝና ከደቂቃ በኋላ አራት ገጽ ወረቀት አትማ ሰጠችኝ። ደም አልተወሰደም፤ አልትራሳውንድም አልታየም። «ማኅፀንሽን ብርድ ገብቶታል፣ እንቁላልሽም ደክሟል፤ ቱቦዎችሽ ግን ጤናማ ናቸው» አለችኝ፤ ቱቦ የምትለው እንቁላል ወደ ማኅፀን የሚያልፍበትን ነው። በሁለተኛው ገጽ ላይ «የቀኝ ቱቦ፦ ጤናማ» የሚል ተጽፏል። እኔ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ከማኅፀን ውጪ አርግዤ የቀኝ ቱቦዬ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ያን መስመር በዓይኔ አይቼ፣ «ጤናማ» የሚለው ቃል ስላስደሰተኝ ብቻ ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ባለቤቴን «አንተ ምንም የለህም» አሉት፤ አልመረመሩትም።

ሻጮቹ የሚናገሩት ሁሉ ሐሰት ቢሆን ኖሮ ባልተታለልን ነበር። የወንድ ዘር ተመርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ እንደሚፈጅ ነገሩን፤ ይህ እውነት ነው። ለ90 ቀን የሚዋጠው እንክብል ማስረጃ ያለው የመሰለን በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም የተዘጋ ቱቦ በእንክብል እንደማይከፈት፣ የወጣ ቱቦም እንደማይመለስ ማንም አልነገረንም። ጠርሙሱ ላይ የምርት መለያ ቁጥርም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አልነበረም፤ ለ46,000 ብር የተቀበልነውም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው።

ከሁሉ የከፋው ውሉ ነበር። ገንዘቡ የሚመለሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይዘለል 90 ቀን ከተዋጠና በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጤና ተቋም ካልተሄደ ብቻ ነው ይላል። በሁለተኛው ወር የወር አበባዬ ስምንት ቀን ዘገየ። እነዚያን ስምንት ቀናት የዓባይን ድልድይ በባጃጅ ስሻገር እጄን ከሆዴ ላይ አላነሣም ነበር። በዘጠነኛው ቀን ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ስደውልላቸው «ማኅፀንሽ እየተጠረገ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» አሉኝ። ከማኅፀን ውጪ አርግዛ የምታውቅ ሴት ወሯ ዘግይቶ ደም ሲፈሳት በፍጥነት መመርመር ይገባታል፤ እኔ ግን ውሉ እንዳይፈርስ ብዬ አራት ቀን ቤቴ ተኛሁ። አሁን ሳስበው ከብሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

በመጨረሻ የሄድንባቸው የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቁን «የባልሽ ምርመራ የታለ?» ብለው ነው። መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ችግር እንደሚገኝበት አስረዱን። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ከመታቀብ በቀር ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም። የባለቤቴ የዘር ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም አለ፤ ማታ ግን «አምስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አንቺን ብቻ ሲያይ እኔም አብሬ አየሁሽ» አለኝ። እኔም የቀረኝ የግራ ቱቦ ክፍት መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን በቀለም የሚነሣ ራጅ እንድነሣ ታዘዘልኝ።

እንግዲህ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች የወሊድ መከላከያ ሳትጠቀሙ ለ12 ወር፣ 35 ከሞላት ደግሞ ለ6 ወር ሞክራችሁ ካልተሳካ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ። በከተማችን በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች አሉ። ከዚያ ያለፈ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል መኖሩን ይወቅ። ሐኪም ዘንድ እንዳትሄዱ የሚከለክል ውል ግን በምንም ምክንያት አትፈርሙ።

ገንዘባችንን ስንጠይቅ «ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ውሉን አፍርሳችኋል» ተባልን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ለሸማቹ ስለሚሰጥ፣ ውሉንና አራቱን ገጽ አያይዘን አመልክተናል። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ያላችሁ አትጣሉት፤ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣችሁ በእውነተኛ ምርመራ ካገኛችሁት ውጤት ጋር አስተያዩትና እናንተም አመልክቱ።