የክትፎ ቤቴን ቢላዎች እጀታ ለሠራልኝ ወጣት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ክትፎ ቤት አለኝ። ወጥ ቤት የምትውሉ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ቢላ ቀድሞ የሚከዳው በስለቱ አይደለም። ስለቱ ይሞረዳል፣ ይሳላል፣ ዓመታት ያገለግላል። ቶሎ የሚሄደው እጀታው ነው። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ትታያለች። ከዚያ ይላላል። ቀጥሎ እንጨቱና ብረቱ መሐል ደምና ቅቤ ይገባል፣ ያ ደግሞ በምንም ሳሙና አይወጣም። እኛ የምናቀርበው ጥሬ ነው። ለብለብ ካልተባለ በቀር እሳት የማያይ ምግብ በተሰነጠቀ እጀታ መክተፍ ያስፈራኛል። ለዚህ ነው የእጀታ ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

እና አንድ ወጣት ባለሙያ ላመሰግን፣ ለእናንተም ልጠቁማችሁ ፈልጌ ነው የምጽፈው። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣው ስለጠየቀኝ አልጠቅሰውም። የሚሠራው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ነው።

ቢላዎቼ ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጡ ናቸው። ለብረታቸው እንከን አይወጣለትም። ይዤለት ስሄድ አሮጌዎቹን እጀታዎች ፈልጦ አወጣና ውስጣቸውን አሳየኝ። ሁሉም ባሕር ዛፍ ናቸው። «እትዬ፣ ይሄ እንጨት ሳይደርቅ ነው የተሰካው» አለኝ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል። እርጥብ እያለ ብረት ላይ ከተሰካ እዚያው ሆኖ ይደርቃል። እንጨቱ ይጠባል፣ ብረቱ ግን እንዳለ ነው። መሰንጠቁ አይቀርም። በዚያ ላይ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጭራ ግሎ እየተቃጠለ ነበር የገባው። የተቃጠለው እንጨት ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ ሲረግፍ ክፍተት ይፈጠራል። የኔ ቢላዎች ሁለቱም ችግር ነበረባቸው።

የሥራ ቦታው ጠባብ ናት፣ ግን ብታዩዋት ደስ ትላችኋለች። ግድግዳው ላይ የተቆራረጠ እንጨት ተደርድሯል፣ አየር እንዲያልፍ በየመሐሉ ቀጫጭን ዱላ ገብቶበታል። የእያንዳንዱ እንጨት ሁለት ጫፍ ሰም ተቀብቷል። እንጨት ውሃውን ቶሎ የሚለቀው በጫፉ በኩል ስለሆነ፣ ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ ቀንና ግራም ተጽፏል። አንስቶ ይመዝናል፣ ይጽፋል፣ ይመልሰዋል። ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ መጋዝ አያስነካውም። ደንበኛ ቆሞ ቢያጣድፈውም ያው ነው። አንድ ሰውዬ እኔ ባለሁበት «በዚህኛው ሥራልኝና ልሂድ» ብሎ ለመነው። ልጁ በትሕትና እምቢ አለ። «ገና ነው ጋሼ» ብቻ ነው ያለው።

እንጨቱን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቄዋለሁ። ወይራውን የሚገዛው ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች ነው። ድሮ ለቤት ቋሚ የቆመ ወይራ ስንት ዘመን ደርቆ ተቀምጧል፣ ምስጥም አልደፈረውም። ዋንዛውን ደግሞ ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ቁርጥራጭ ይለቅማል። ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ፤ ለእጀታ ብሎ የቆመ ዋንዛ የሚያስቆርጥ ሰው ቢሆን ኖሮ አልጠቁማችሁም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልጁ እንጨት በሬዚን (ሲጠጥር እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ፈሳሽ) እንደሚያጠነክር ሰምቼ ነበር የሄድኩት። የእንጨቱን ባዶ ቀዳዳዎች በፈሳሽ ሬዚን ሞልቶ በሙቀት ያጠጥረዋል። ውሃ እንደ ልቡ አይገባበትም፣ በክረምት ብዙም አያብጥም፣ በበጋም ብዙ አይኮማተርም። «ሁሉንም በሬዚን አድርግልኝ» አልኩት። ለትልልቆቹ መክተፊያ ቢላዎች የመረጥኩትን ወይራ በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ይሄ አያስፈልገውም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ እትዬ» አለኝ። ወይራ ድፍን ነው፣ የራሱ ቅባትም አለው። ሬዚኑ ከላይ ከላይ እንጂ ወደ ውስጥ አይገባለትም። በደንብ ከደረቀ በተልባ ዘይት ብቻ ይበቃዋል። ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር እኮ! እኔ በምን አውቃለሁ? እዚህ ላይ ነው ልጁን ያመንኩት።

ሬዚን የገባው ጅማት ለምናወጣባቸው ትናንሾቹ ቢላዎች በተመረጠው ዋንዛ ላይ ነው። ዋንዛ ቀለል ያለ ነው፣ እጅ አያደክምም። ግን ይጠጣል። አሠራሩን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ እንጨቱ ኦቨን ውስጥ 105 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፣ በየመሐሉ እየወጣ ይመዘናል። 120 ግራም ሆኖ የገባ እንጨት 100 ግራም ላይ ከቆመ ደረቀ ማለት ነው፤ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ የሚሆን ውሃ ነበረው። ሲወጣ ወዲያው ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ይቀዘቅዛል፣ አለዚያ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይስባል። በትኩሱም ሬዚን ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ወፍራም ግድግዳ ያለው ዕቃ ውስጥ ይገባና እንዳይንሳፈፍ ብረት ይጫንበታል። ሬዚኑ ይፈስበታል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ አየሩ ይሳባል። አየር የሚስብበት ማሽን ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕረሰር ነው፣ ራሱ ነው የገጣጠመው። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ እንጨቱ አረፋ መትፋት ይጀምራል። ያቺ የምታህል ቁራጭ ያን ሁሉ አየር የት ይዛው እንደነበር ትገረማላችሁ። አረፋው እስኪቆም ሰዓታት ይፈጃል።

ልጁ የነገረኝ አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ገርሞኛል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማብራሪያዎች የግፊት ጌጁ (አየሩ ምን ያህል እንደተሳበ የሚያሳየው መለኪያ) 29 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ መድረስ አለበት ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ያ ቁጥር አይመጣም። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ እዚህ 22 ገደማ ላይ ሲቆም አየሩ አልቋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ሌላም አለ። ሬዚኑ እንጨቱን ዘልቆ የሚገባው አረፋው ሲወጣ ሳይሆን በኋላ አየር ሲለቀቅበት ነው፤ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። እዚህ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጁ ሬዚኑ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ያስተኛዋል። ማንም ያላስተማረውን ነው አስቦ የደረሰበት።

በመጨረሻ በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ 90 ዲግሪ አካባቢ ኦቨን ውስጥ ይጠጥራል። ይሄኛው ኦቨን ለብቻው ነው፣ ምግብ አይገባበትም። ጭስና ሽታው እንዲወጣም ከደጅ ነው የሚያበራው።

ገጠማው ላይ ብዙ አልቆይም። ቀዳዳውን በትራፓኖና በቀጭን ሞረድ በጭራው ልክ ያወጣል፣ ማቃጠል የለም። የወይራው ቅባት ኢፖክሲውን (ጠንካራ ማጣበቂያውን) እንዳያስለቅቅ ቀዳዳውን ቅባት በሚያነሳ ፈሳሽ፣ በአሴቶን ይጠርጋል። ኢፖክሲው ጭራው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በሙሉ ይሞላል፣ ነሐስ ዘንግ በጎን ያልፍበታል። ቅርጹን ሲያወጣ ግን ሠራተኞቼን አምጪያቸው አለኝ። እያንዳንዱን አስያዘ፣ እጃቸውን አየ። አንደኛዋ ግራኝ ናት። እስካሁን ማንም ስለሷ አስቦ ቢላ ሠርቶላት አያውቅም። የአውራ ጣቷን ማረፊያ በሷ በኩል አወጣላት። አሁን ያንን ቢላ ሌላ ሰው ሲነካባት አትወድም።

ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። ቢላዎቹ ቀን ከሌት ቅቤና ውሃ ሲነካቸው ነው የሚውሉት። አንድም የላላ የለም፣ ጥፍሬን እንጨቱና ብረቱ መገናኛ ላይ ሳስኬደው አይዘኝም።

ለምትሄዱ ሰዎች ጥቂት ልንገራችሁ። ዋጋው ከገበያ እጀታ ይበልጣል፣ ይገባዋልም። ዛሬ ሰጥቶ ነገ መውሰድ የለም፤ መቼ እንደሚደርስ ግን ቀድሞ ይነግራችኋል፣ ባለው ቀንም ይደርሳል። ሬዚን የገባበትም ቢሆን ውሃ ውስጥ ተነክሮ አያድርም፣ ታጥቦ ወዲያው ይደረቃል። ወይራው አልፎ አልፎ የተልባ ዘይት ይፈልጋል። ዘይቱን የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ እንዳትጥሉ! ሲደርቅ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት። ይህን አስጠንቅቆ የሰጠኝም እሱ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እጅህ ይባረክ። ሠራተኞቼም በጣም አመስግነውሃል።

ቢላ ያላችሁ፣ በተለይ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት የምትሠሩ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ አሮጌውን እጀታ ሳትነቅሉ ከነቢላው ውሰዱለት። ለምን እንደተሰነጠቀ ማየት ይፈልጋል።