ዊንዶውስ 98ን ለማስነሳት፦ ቨርቹዋልቦክስ፣ ኪውኢሙ ወይስ 86ቦክስ?

ሦስቱም በዛሬው ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስለው የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች ናቸው። ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ ገንዘብ የሚወጣው ለዊንዶውሱ ነው። ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2006 እ.ኤ.አ. ቢያቆምም ነፃ ብሎ አልለቀቀውም፤ ስለዚህ ቁልፍ ቁጥሩ ያልጠፋበት ሲዲ ይፈልጉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰከንድ ኤዲሽን ይሻላል። ከኮምፒውተር ጋር ይሰጥ የነበረው ሲዲ ራሱ ይነሳል፤ ለብቻው ይሸጥ የነበረው ግን ማስነሻ ፍሎፒ ይጠይቃል።

ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ብቻ መጀመሪያ የሚሞክረው ቨርቹዋልቦክስን ነው። ለዚህ ሥራ ግን ከሦስቱ በመጨረሻ የምንመርጠው እሱን ነው። ትእዛዞቹን በቀጥታ በዛሬው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚያስኬድ ይፈጥናል፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚያው ነው። በአዳዲስ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ላይ ዊንዶውሱ ገና ሲጫን ይሰናከላል፣ ፓቸር9ኤክስ በተባለው ማስተካከያ ካልተጠገነ በቀር። ጌስት አዲሽንስ (ቨርቹዋልቦክስ ውስጡ ለሚነሳው ዊንዶውስ የሚሰጠው የድራይቨር ጥቅል) ለዊንዶውስ 98 ስለሌለው ፎልደር መጋራት አይቻልም፤ ስክሪኑም 640 በ480፣ 16 ቀለም ላይ ይቀራል። ሶፍትጂፒዩ የተባለው ድራይቨር ስክሪኑን ያስተካክላል፤ ትዕግሥት ላለው።

የድሮ የቢሮ ሶፍትዌር ወይም መዝገበ ቃላት ለመክፈት ብቻ ከሆነ ኪውኢሙ ይበቃል፤ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሠራል። ያለ ኬቪኤም (ትእዛዞቹን በቀጥታ በዛሬው ፕሮሰሰር ላይ የሚያስኬደው የሊኑክስ ክፍል) ሲያስኬዱት የራይዘኑ ችግር አይነካውም። ፔንቲየም 2፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ ሲረስ ቪጂኤ የስክሪን ካርድ እና ሳውንድ ብላስተር 16 የድምፅ ካርድ ይስጡት፤ የሲረሱ ድራይቨር ከዊንዶውሱ ጋር ይመጣል። ራሙን ከ512 ሜጋባይት አያሳልፉ፦ ማሽኑ ሞልቶ ተርፎት ሳለ ዊንዶውሱ «ሜሞሪ አልበቃኝም» ብሎ አልነሳም ይላል። ከተጫነ በኋላ ካርዶቹ ካልታዩ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን «ፕላግ ኤንድ ፕለይ ባዮስ» ይፈልጉ፤ ድራይቨሩን በእጅ ወደ «ፒሲአይ ባስ» ሲቀይሩት የቀሩት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ጉድለቱ በትእዛዝ መስመር መሥራቱ ነው፤ መስኮትና ቁልፍ ለለመደ ሰው ያሰለቻል።

ለጌም ከሆነ 86ቦክስ ነው፣ ሌላ አማራጭ አይፈልጉ። የድሮውን ማሽን ከማዘርቦርዱ እስከ ድምፅ ካርዱ አስመስሎ ይሠራል፤ ከሦስቱ ቩዱ የተባለው የድሮ የ3ዲ ጌም ካርድ ያለውም እሱ ብቻ ነው። የሮም ፋይሎቹ (የድሮዎቹ ማዘርቦርዶችና ካርዶች ባዮስ ቅጂዎች) ለብቻቸው ስለሚወርዱ እነሱ ከሌሉ ጨርሶ አይነሳም። የሶኬት 7 ማዘርቦርድ ከኢንቴል 430ቲኤክስ ቺፕሴት ጋር፣ ፔንቲየም ኤምኤምኤክስ 166፣ 64 ሜጋባይት ራም፣ ኤስ3 ትሪዮ64 የስክሪን ካርድ፣ ሳውንድ ብላስተር 16፤ ለመነሻ ይኸው ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በፕሮሰሰር ነው። ብዙ ኮር መኖሩ እምብዛም አይረዳም፤ የሚፈለገው የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። በመስኮቱ አናት ላይ ያለውን ፐርሰንት ይመልከቱ፦ ከ100 ከወረደ ድምፁ ይቆራረጣል። ያኔ የሚቀነሰው የእንግዳው (አስመስሎ የተሠራው ማሽን) ፕሮሰሰር ነው፤ ከ166 ወደ 133 ማውረድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። «ፈጣን ይሁን» ብሎ ፔንቲየም 2 የሚመርጥ ሰው የሚያገኘው ቀርፋፋ ማሽን ነው።

በየትኛውም ቢሆን፣ መጫን ከመጀመርዎ በፊት የሲዲውን «ዊን98» ፎልደር ወደ ዲስኩ ቀድተው ከዚያ ይጫኑ፤ አለዚያ ለእያንዳንዱ ድራይቨር «ሲዲውን አስገባ» ይላል። 86ቦክስ ላይ ዲስኩን በቪኤችዲ (የዲስክ ምስል ፋይል) ዓይነት ከፈጠሩት የዛሬው ዊንዶውስ ስለሚከፍተው ፋይል ማስገባት ይቀላል። መጀመሪያ ግን 86ቦክስን ይዝጉ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከጻፉበት ዲስኩ ይበላሻል።